የመጀመሪያዋ ባቡር ሆድ

ኅዳር 8፣ ሰኞ
እነዚህን በሱቅ መስታወት ውስጥ የሚደረደሩ ትንንሽ የቆርቆሮ ባቡሮች ማን ነው የሚሠራቸው? እኔም ሳልፍ ሳገድም እጠይቅ ነበር። የሚሠሩበት ቤት ዛሬ ገባሁ። ላፍቶ፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጀርባ፤ ስድስት ሠራተኛ፣ አንድ ሰፊ ክፍል። የታሪክ ዲግሪዬ ከሰባት ወር በኋላ ሥራ አገኘ! የድርጅቱን ታሪክ በሁለት ሳምንት ጽፌ አስረክባለሁ፤ ከወደዱት ቋሚ እሆናለሁ። ባለቤቱ ጋሽ ለታ የመጀመሪያዋን ባቡር አሳዩኝ። "በ1990፣ በእነዚህ እጆቼ ቆርጬ" አሉ። እጃቸው ግን... አንድ ጭረት እንኳ የለውም። ቆርቆሮ ቆራጭ? እንጃ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ
ቀለም ቀቢዋ እትዬ ብርነሽ አሠራሩን አሳዩኝ። የዘይት ቆርቆሮ ይቀደዳል፣ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ይገለበጣል፣ ንጹሁ ወደ ውጭ።
"ዘይት የሚያስተዋውቅ ባቡር አይተሽ ታውቂያለሽ?" ብለው ሳቁብኝ።
ማን አስተማረዎት? ሳቁ ቆመ። "ጋሽ ለታን ጠይቂ፣ እናቴ።"
ጋሽ ለታን ለፎቶ የቆርቆሮ መቀስ ይያዙልኝ አልኳቸው። "ዓይኔ ደክሟል።" ጋዜጣ ግን ያለ መነጽር ያነባሉ...

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ
የመጀመሪያዋ ባቡር የተቀመጠችበትን የመስታወት ሣጥን ልወልውል ብዬ ቁልፍ ተቀበልኩ። ውሸቴን ነው። የመጀመሪያዋን ባቡር ገለበጥኳት፣ በስልክ መብራት ሆዷን አየሁ፣ ፎቶም አነሳሁ። "የተመረተበት፦ ሚያዝያ 1998።"
በ1990 የተሠራች ባቡር፣ ከ1998 የዘይት ቆርቆሮ?
ቀና ስል እትዬ ብርነሽ በር ላይ ቆመዋል። እሳቸውም አሉበት እንዴ?

ኅዳር 15፣ ሰኞ
አሉበት። እንደጠረጠርኩት ግን አይደለም።
"አንቺ ልጅ፣ የእንጀራ ገመድሽን በገዛ እጅሽ ልትበጥሺ ነው?" አሉኝ ምሳ ላይ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ "በ1990 ለታ ከውጭ የመጣ መጫወቻ ነበር የሚሸጠው። በ1998 ኑረዲን የሚባል ቆርቆሮ ሠሪ ነው ባቡር ቆርጦ ያሳየው። መገልበጡም የሱ ዘዴ ነው። ስሜ ከሥሩ ይጻፍልኝ አለ። ተባረረ። አሁን ፉሪ የጣሪያ አሸንዳ ይሠራል።"
እርስዎስ ለምን ዝም አሉ?
"የማሳድጋቸው ሦስት ልጆች ነበሩኝ።"

ኅዳር 17፣ ረቡዕ
ለጋሽ ለታ የባቡሯን ሆድ ፎቶ አሳየኋቸው። ይጮኻሉ ብዬ ነበር። ሻያቸውን ፉት አሉ።
"ቤቱ የማን ነው? ገበያውን ማን አመጣ? እሱ እጅ ብቻ ነው።" ከዚያ፦ "የኑረዲን ስም ከገባ አንቺ ትወጫለሽ።"
ቋሚ ልሆን ነው ብዬ ለእናቴ ነግሬያለሁ እኮ...
ደግሞ እትዬ ብርነሽስ ቢዋሹኝ? ቂም ቢኖራቸውስ? ሰውየውን ሳልሰማ ምን ብዬ ልጻፍ?

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ
አስረከብኩ። የመጀመሪያዋን ባቡር ማን እንደሠራት የሚነገርበት የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ነው።
"ይኼ ምንድን ነው?" አሉ ጋሽ ለታ።
"ባለቤቱን እየጠበቀ ነው፣ ጋሼ።"
"ሰኞ እንዳትመጪ።"
ስወጣ እትዬ ብርነሽ ቀለም በነካ እጃቸው የኑረዲንን ስልክ ጻፉልኝ። "ብርነሽ ናት የሰጠችኝ በይው!" አሉ፣ ጮክ ብለው፣ ሁሉም እየሰማ።
መልእክቱን አሥር ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ የላክሁት ይኼ ነው፦
"ጋሽ ኑረዲን፣ እድላዊት እባላለሁ። የባቡሮቹን ታሪክ እየጻፍኩ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚያዘኝ ሰው የለም። የመጀመሪያዋን እንዴት እንደሠሯት ከእርስዎ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። ፉሪ ድረስ እመጣለሁ። እባክዎ ይመልሱልኝ።"