የጃጁራዋ ላም መልእክት

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ዛሬም ዝናብ። ቢሮ ስደርስ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ይንቦጫቦጫል። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቅ ላይ ነው ያለነው። ረዳቶቹ ሲጮኹ ፈትሁዲን መስኮቱን ይዘጋል፣ ሲሞቀው ይከፍታል፣ ሲጮኹ ይዘጋል። ቢሮውን የከፈትነው ሁለታችን ነን። እሱ ደንበኛ ያመጣል፣ እኔ ኮድ እጽፋለሁ።

ጠዋት አባዬ ቁርስ ላይ ያዘኝ። "ሐዳሳ፣ ለመሆኑ የምትሠሪው ምንድን ነው? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሲጠይቁኝ 'ኮምፒውተር' እላለሁ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።"

ነገርኩት። ላም ኮርማ ስትፈልግ ባለቤቷ ስልኳ ላይ አጭር ቁጥር ትነካለች። መልእክቱ ወደኛ ሰርቨር ይመጣል። ሰርቨሩ ለአካባቢው አዳቃይ ባለሙያ ይልካል። ባለሙያው በሞተር ይሄድና የምርጥ ኮርማ ዘር ይሰጣታል። ቀኑ ካለፈ ግን አለፈ፣ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው።

አባዬ ሻዩን አማሰለ። አማሰለ...

"ኮምፒውተር ብል ይሻለኛል" አለ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ከጃጁራ ስልክ ተደወለ። ወይዘሮ ታመነች የሚባሉ ሴት ናቸው።

"የስልኩ ባለቤት አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ እትዬ።"

"ላሜ ስትጮህ አደረች። ጠዋት ቁጥሩን ነካሁ። 'ደርሷል' አለኝ። በር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሰው የለም። ባለፈውም እንዲሁ ነበር። አሁን ዝም ብላለች።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ያለችኝ አንድ ላም ናት ልጄ። ካልያዘች ለመስከረሙ የያሆዴ በዓል እሸጣታለሁ። ባዶዋን ዓመት ሙሉ ማብላት አልችልም።"

የጃጁራው አዳቃይ ዕንባቆም ጋ ደወልኩ። ምንም አልደረሰውም። ቆላ ወርዶ ነበር፣ እዚያ ኔትወርክ የለም።

የጻፍኩትን ኮድ ከፈትኩና አነበብኩት። ሰርቨሩ የዕንባቆምን ስልክ ይጠራል። ትንሽ ይጠብቃል። ካልመለሰለት ተስፋ ቆርጦ መልእክቱን ይጥለዋል። በቃ፣ ይጥለዋል። "ደርሷል" የሚለው ቃል ደግሞ መልእክቱ እኛ ጋ ሲገባ ነው የሚሄደው። እኛ ጋ ደረሰ... እኛ ምን እናደርግላታለን? ላሟን እኔ ነኝ የማዳቅላት?

ምሳ አልበላሁም።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ከፈትሁዲን ጋር ተጨቃጨቅን። ሥራውን ለሙከራ የሰጠን ፕሮጀክት አስተባባሪ ወይዘሮ ሣራ ደውላለታለች። እስከ ክረምቱ ካልተስተካከለ ሙከራው ይቆማል፣ ገበሬው እንደ ድሮው ሰው እየላከ ይጥራ ብላለች። እሱም ደንግጧል። ሲደነግጥ ገንዘብ ማውጣት ይወዳል።

"ትልቅ ሰርቨር እንከራይ።"

"ሰርቨሩ ምን በደለ? ዕንባቆም እኮ ገደል ውስጥ ነው።"

"ታዲያ ገደል ውስጥ ላለ ሰው እንዴት ነው የምትልኪለት?"

"አልልክለትም። አስቀምጥለታለሁ።"

ወረቀት ላይ ሣልኩለት። መሀል ላይ ወረፋ አለ። ላኪው መልእክቱን ወረፋው ውስጥ ያኖርና ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ተቀባዩን ቆሞ አይጠብቅም። ዕንባቆም ኔትወርክ ያለበት ሲደርስ ስልኩ ራሱ ወረፋውን ይጠይቅና ያለውን ይወስዳል። "ተቀብያለሁ" እስኪል ድረስ መልእክቱ ከወረፋው አይወጣም።

ፈትሁዲን ወረቀቱን አዟዙሮ አየው።

"ይሄማ ያጎቴ ሥራ ነው" አለ። አጎቱ እዚሁ መናኸሪያ በአውቶቡስ የሚላክ ዕቃ ይረከባሉ። ካርቶኑ እሳቸው ጋ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ ሲመቸው መጥቶ ይወስዳል። ሹፌሩ ባለቤቱ እስኪመጣ አይቆምም።

"አዎ፣ እሱ ነው።"

"ከጠዋት ጀምሮ እንደዚህ ብትይኝ ኖሮ አንከራከርም ነበር።"

ዓርብ፣ ግንቦት 29

ወረፋው ሥራ ጀመረ። ከአንጋጫም ከጃጁራም የመጡት ሁሉ ተወስደዋል። "ደርሷል" የሚለውን ቃል አጠፋሁት። አሁን መጀመሪያ "ተመዝግቧል" ይላል። ባለሙያው ሲወስደው ብቻ "ዕንባቆም እየመጣ ነው" ይላል። ፈትሁዲን ሳምቡሳ ገዛ። ደስ ብሎኛል።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ደስታዬ ቸኩሎ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መልእክቶቹ እኛ ጋ ከገቡ በኋላ ጃጁራ መብራት ጠፍቶ፣ የስልኩ ኔትወርክም እሁድን ሙሉ ሞቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሲመለስ የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ ዕንባቆም ላይ ፈሰሰ። እሱም ታማኝ ሰው ነው፣ አንድም ሳያስቀር ዞረ። ከሰዓት ደወለልኝ።

"ሐዳሳ፣ ዛሬ የሄድኩባቸው ላሞች በሙሉ በንቀት ነው ያዩኝ።"

"እንዴት?"

"የቅዳሜ ናቸዋ! ሁሉም ጉዳያቸውን ረስተው ሣር ይግጣሉ። አንዱ ሰውዬ ምን አለኝ መሰለሽ? 'ሠርጉ አልቆ ድንኳኑ ተነቅሏል፣ አንተ አሁን ነው የምትመጣው?'"

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ሳቄ ቆመ። እንዴት አላሰብኩትም? ሁሉም መልእክት እስከ ዘላለም መቀመጥ የለበትም። የላም መልእክት ዕድሜ አለው። ቀኑ ካለፈ ከወረፋው ወጥቶ ለባለቤቷ እውነቱ ሊነገራት ይገባል። "አልደረስንም፣ ይቅርታ። በሚቀጥለው ኮርማ ስትፈልግ ቶሎ ይንኩ" ተብሎ።

ማታውኑ ጨመርኩበት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ዛሬ ደግሞ ሌላ። ዕንባቆም አንድ ቤት ሄዶ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ወጥቶ፣ መንገድ ላይ ያው መልእክት እንደገና መጣለት። "ተቀብያለሁ" ያለው ቃል በኔትወርኩ መቆራረጥ እኛ ጋ አልደረሰም። ወረፋው ምን ያድርግ? አልተወሰደም ብሎ ደገመው። ያ ምስኪንም ሌላ ላም መስሎት ተመለሰ።

ባለቤቱ በሩን ይዘው ቆሙ አለኝ። "አሁንስ የመጣህበት ምክንያት ላሟ አልመሰለችኝም" አሉት። ሴት ልጅ አለቻቸው።

"ቆንጆ ናት?" አልኩት።

"የቸኮለ ሰው ምን ያያል" አለ። ...አይቷል።

ለእያንዳንዱ መልእክት የራሱ መለያ ሰጠሁት። ሁለተኛ ቢመጣም የዕንባቆም ስልክ አውቆ ዝም ይላል።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ጠዋት የወይዘሮ ታመነች መልእክት ገባ። ቁጥራቸውን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ወረፋው ውስጥ ተቀመጠ። አልተወሰደም። ገጹን ደግሜ ደጋግሜ ከፈትኩት። አለ። አሁንም አለ። ዕንባቆም ጋ ደወልኩ፣ ስልኩ አይሠራም። ዝናቡ መንገዱን ምን እንዳደረገው ማን ያውቃል? ቦርሳዬን አነሳሁ።

"የት ነው?" አለ ፈትሁዲን።

"ጃጁራ። መኪና አገኛለሁ።"

"ሄደሽ ምን ልታደርጊ? ላሟን ልታጽናኚ?"

ተቀመጥኩ። እውነቱን ነው። የወንበሬን ጎማ ፈታሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። ፈትሁዲን እያየኝ ሻይ አዝዞ ፊቴ አስቀመጠልኝ።

ከቀትር በኋላ ገጹ ተለወጠ። ተወስዷል። እኔም ተነስቼ ቆምኩ። ከዚያ እንደገና ዝምታ... መውሰድ ሌላ፣ መድረስ ሌላ።

አመሻሽ ላይ ዕንባቆም ደወለ። ድምፁ ደክሟል። ጠዋት ወንዝ ማዶ ሌላ ላም ጋ ነበር። ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲወጣ ስልኩ ጮኸ። ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ አልነሣ ሲለው ለሰው አደራ ብሎ፣ ዘሩን የሚያቀዘቅዘውን የናይትሮጅን ዕቃ ተሸክሞ በእግሩ ሄደ።

"በእግርህ? ያን ሁሉ መንገድ?"

"ስሟን ሳየው ጊዜ... ሴትየዋን ሁለቴ ቀርቼባታለሁ እኮ። በር ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ስታየኝ 'ስልኩ እየመጣ ነው ብሎኝ ነበር፣ አመንኩት' አለች።"

"እሺ፣ እግርህን ታጠብ" ነው ያልኩት። ሌላ የሚባል ነገር ጠፋ?

እሁድ፣ ሰኔ 29

ላሟ ካልያዘች በዚህ ሰሞን እንደገና ትጮሃለች። ቸርች ውስጥ ስልኬን ከመዝሙር ደብተሬ ሥር ደብቄ ወረፋውን አየሁ። ከጃጁራ ብዙ አለ፣ ከወይዘሮ ታመነች ግን የለም። አባዬ በክርኑ ወጋኝ።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አለኝ ስንወጣ።

"መልእክት እንዳይመጣ።"

ግራ ገብቶት አየኝ። እኔም ለማስረዳት አልሞከርኩም። ምናልባት ነክተው መስመሩ እምቢ ብሏቸው ይሆን? ወይስ ተስፋ ቆርጠው ትተውት? ልደውልላቸው ብዬ ተውኩት። ደስታው ገና ያልጸና ከሆነ አልንካው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ወይዘሮ ሣራ ቢሮ መጣች። ሙከራው ይቀጥላል፣ ዱራሜ ዙሪያም ይጨመራል። ፈትሁዲን ከፎቁ ሲሸኛት ደረጃው ላይ ሲያፏጭ ሰማሁት። ማፏጨት አይችልም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

ዛሬ ጃጁራ ሄድኩ። ዕንባቆም ደውሎ "የወይዘሮ ታመነችን ላም ልመረምር ነው፣ ነጋዴም ሊመጣባት ነው፣ ነይ" አለኝ። አልጠየቅሁትም፣ መኪና ያዝኩ።

ወይዘሮ ታመነች ካሰብኳቸው ያጥራሉ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም። ነጋዴው ቀድሞን ደርሷል። ተክለጊዮርጊስ ይባላል፣ ከሆሳዕና ነው፣ ለበዓሉ ከብት ይሰበስባል። ገመዱን የላሟ አንገት ላይ አስሯል። ጨዋ ሰው ነው፣ "ምርመራው ይቅደም፣ እጠብቃለሁ" አለ።

ዕንባቆም እስከ ትከሻው የሚደርስ ጓንት አጠለቀ። እጁን ሲያስገባ እኔ ወደ አጥሩ ዞርኩ። ዞሬም መቆም አልቻልኩም፣ ተመልሼ አየሁ። ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሩቅ ድምፅ እንደሚሰማ ሰው ሆኗል። ቆየ። ምነው እንዲህ ቆየ? ላሟ እንኳ አንገቷን አዙራ አየችው።

"ይዛለች" አለ።

ወይዘሮ ታመነች ዝም አሉ። ያልሰሙ መስሎት በሀዲይኛ ደገመላቸው። ሰምተዋል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

"ወንድ ነው ሴት?" አሉ በመጨረሻ።

"እሱን እጄ አያውቅም እናቴ።"

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ተነሡ። ወደ ላሟ ሄደው ገመዱን ራሳቸው ፈቱት። አጥፈው፣ ጭቃውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ በሁለት እጃቸው ለተክለጊዮርጊስ መለሱለት።

"አደከምኩህ ልጄ። እንዲህማ አትሄድም። ግባ፣ አተካና አለ።"

ከቡላ የተሠራው አተካና በቅቤ ርሷል፣ አይቡ ትኩስ ነው። ዕንባቆም እጁን ደጋግሞ ታጠበ፣ እኛም ደጋግመን እንዲታጠብ አደረግነው። ነጋዴው መጀመሪያ ተኮሳትሮ ነበር የተቀመጠው። ሲበላ ፊቱ እየተፈታ ሄደ። አንዴ ወደ ላሟ፣ አንዴ ወደ ዕንባቆም፣ አንዴ ወደኔ ያያል። የጎረሰውን ሳይውጥ ወደኔ ጠጋ አለ።

"እኔ ቤትም አንዲት ጊደር አለች" አለኝ ቀስ ብሎ። "የሚነካው ቁጥር ስንት ነው?"