ከበርበሬ ጋር የተሰጣው ባትሪ

ዘሚራ ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይና ይህችን አንብቢ።

በሻንጣው ውስጥ የሠራሽውን ኮምፒውተር እንዳትሰኪው። መብራት ቢመጣም እንዳትሰኪው!

ባትሪውን ያበላሸሁት እኔ አክስትሽ ነኝ። መብራት ጠፍቶ ስትጨነቂ አላስችል አለኝ። የበረንዳው አምፖል በፀሐይ ይሞላ የለ? ይኼም ይሞላል ብዬ ከኮምፒውተሩ ፈታሁና ከበርበሬው ጋር አሰጣሁት፤ ሽቦዎቹ እንደተላቀቁ ናቸው። ከሰዓት ሳነሳው እንደ ሊጥ ተነፍቷል። ግቢው ጥግ አሸዋ ላይ አለ፤ አትንኪው።

ዛሬ መንገዱ ተከፍቶ መኪና ስለተገኘ ብቸና ወንድሜ አብዱራዛቅ ዘንድ ሄጃለሁ። ሌላ ባትሪ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ፣ መንገዱ መልሶ ካልተዘጋ።

ሽሮው ተሠርቷል፤ አሙቂው።

አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። ኮምፒውተሩን ይዘሽ ከሞጣ ልትወጪ መሆኑን ከጎረቤት ከምሰማ፣ ካፍሽ ብሰማው ምን ነበረበት?

ሻንጣው የሰርጌ ነው። እኔም አንድ ቀን እሱን አንጠልጥዬ እወጣለሁ እል ነበር። አንዴ መንገድ ሲዘጋ፣ አንዴ ሰው ሲታመም፣ አርባ ዓመት አልጋ ሥር ቀረ።

ባትሪውን ሆን ብዬ አላበላሸሁትም። ይህን እመኚኝ።

ሂጂ ልጄ። ብቻ የደረስሽበት አገር ሻንጣውን ስትከፍቺ፣ አንድ ጊዜ አስታውሺኝ።