ለቅሶ የት እንቀመጥ?

ለክቡር አቶ ተካልኝ ስርሞሎ
የጨዛ ከተማ ከንቲባ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ ጀፎሯችን ላይ እንዳቆሙት የቆርቆሮ አጥር የጸና ይሁን። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ በጎልማሶች ትምህርት ስለሆነ፣ አጻጻፌ ቢያስቸግርዎ ይታገሡኝ፤ እኛም እርስዎን ታግሠናል።

አንደኛ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ቧንቧውና ስለ አስፋልቱ ከልብ አመሰግናለሁ። ከተማ መሆንን አልጠላንም። ልጆቻችን ሱቅ ከፈቱ፤ የሣር ክዳኑም ቀስ በቀስ በቆርቆሮ ተተካ። ሆኖም ከቤቶቻችን ፊት የተዘረጋውን ሰፊ ሣር፣ ጀፎሯችንን፣ ማንም አንድ ክንድ አልነካም። ሠርጉም ለቅሶውም እዚያ ነበር። በአባቶቻችን ሥርዓት ጀፎረ ላይ ችካል የተከለ ሰው፣ ሲሞት የሚሸኘው አያገኝም። እርስዎ የተማሩ ስለሆኑ ይህ አያሳስብዎትም።

ሁለተኛ፣ የላኩልን ወረቀት እጅግ ያማረ ነበር። ለመንገድ ከሚወሰደው ውጭ ያለው ሣር ለለቅሶና ለሠርግ እንደነበረ ይቆያል ይላል። ለሽማግሌዎቹ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ንዳ «ዝንታለም፣ እስቲ ድገሚው» አለኝ፤ ደገምኩለት። «ማኅተም አለው?» አለ። «አለው» አልኩት። አውራ ጣቱን መጀመሪያ ያተመው እሱ ነው። በዓመቱ የቀረውን ሣር ለሱቅ ሸንሽነው አጠሩት።

ሦስተኛ፣ ንዳ ባለፈው ኅዳር ሞተ። ሰዉ እንደ ልማዱ ቆጮውን ተሸክሞ ከየመንደሩ መጣ፤ የቀረ የለም። የሚቀመጥበት ግን አልነበረም። ሬሳውን ይዘን አስፋልት ዳር ቆምን፤ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ባለፈ ቁጥር አልቃሾቹ ዝም ይላሉ። የእርስዎ ጥበቃም፣ ምስጋና ይግባቸውና፣ «እማማ፣ አሳጥሩት እንጂ! መንገድ ዘጋችሁ» ብለው አጽናንተውኛል። ጎረቤቴ ሽታዬ ጠጋ ብላ «አንቺ አይደለሽ እንዴ ያነበብሽልን?» አለችኝ። ክቡርነትዎ መልስ ካለዎት ይላኩልኝ።

ዕድሜዎን ያርዝመውና፣ የእርስዎ ቀን ሲደርስ ለቀስተኛዎ የሚቀመጥበት ሰፊ ቦታ እንዲያገኝ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

የንዳ ሚስት ዝንታለም አምዛ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ ሌላ ወረቀት መጥቷል፤ መልእክተኛው ስለ መቃብር ቦታችን ነው አለ። ጎረቤቶቼ ይዘውት ደጄ ድረስ መጥተው ነበር። ከእንግዲህ ከእርስዎ የመጣ ወረቀት ለማንም አላነብም።