ቀማሻችን ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው

መጋቢት 1፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ደብተሬ፣ ለሰው የማልናገረውን ላንቺ ልንገርሽ። የእትዬ አስካል ፍየል ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል ከኩሽናችን መስኮት ሥር መጥታ ትቆማለች። ጥላ ፈልጋ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጎረቤቴ ራሳቸው ገመዷን ይዘው መጡ። ፍየሏ ገለባ ማሽተት ትታለች፤ የላስታ ፍየል ሆና ካሮት ለምዳለች። ይህን ሲነግሩኝ ሳቃቸው ማተባቸውን ያወዛውዘዋል። ያስለመደቻት ልጄ ብሌን ናት። ከሰሐኗ እየለቀመች በመስኮት ትወረውራለች። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ የቀረበላትን ሁሉ።

እኔ ደግሞ ባለፈው ወር በምጽፍበት መጽሔት ላይ "ልጆቼ አትክልት ሲያዩ ይሻማሉ" ብዬ አምዴን የሞላሁ ሴት ነኝ። ልጆቼ ስል፣ ያለችኝ አንዲት ናት። የተሻማችውም ፍየሏ ናት።

ሳቁ አለፈ። ጭንቀቱ ቀረ። የጤ/ጣቢያዋ ነርስ የብሌንን የዓይን ሽፋን ገልብጣ አይታ፣ ደም መርምራ፣ ደሟ አንሷል ብላለች። ሽሮፕ ሰጥታናለች፤ ምግብ ካልታከለበት ግን ብቻውን ዋጋ የለውም። እንቁላል፣ ወተት፣ ቅጠላ ቅጠል። በሦስት ሳምንት ተመለሱ። እንቁላልና ወተቱን ብሌን አታስጠጋም። ሁዳዴ ነው፣ የቄስ ልጅ ልጅ ናት፣ እኩዮቿ "ገዳፊ" ይሏታል። ገና ሰባት አልሞላሽም፣ አንቺን አይመለከትም ብንላት ወይ ፍንክች። የቀረን አትክልቱ ነው። እሱም በመስኮት እየሄደ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ፣ ማታ

ቀይ ሥር በሎሚና በሰናፍጭ። ካሮት እንደ ክር ተከትፎ በሱፍ። ቀለሙ ለዓይን ያማረ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ አልቀመስኩትም። እንዴት ልቅመስ፤ የምሠራው ከቀትር በፊት ነው፣ ጾማችን የሚፈታው ዘጠኝ ሰዓት። በሁዳዴ ወጥ የሚሠራ ሰው እጁን አምኖ ነው የሚጨምረው። ዛሬ መሃል ላይ የመጽሔቱ አዘጋጅ ደወለችልኝ፤ እያወራሁ ጨው ሁለቴ።

አማቴ ቄስ ታረቀኝ ከቅዳሴ ተመልሰው ባረኩ፣ ጎረሱ። ውኃ ጠየቁ። ደግመው ጎረሱ። ውኃ። እሳቸው የሰው እጅ አይነቅፉም። ባሌ ጌታቸው ግን ከገበታው ቀና ሳይል፣ "የአፋርን ግመል ከነጭነቱ ነው የጨመርሽው?" ይለኛል። ብሌን ቀድሞ የቀረበላትን እንደዚያው ትታዋለች። ዛሬ እንኳ ፍየሏም የምትበላው አይደለም።

አሁን ስጽፍ አንድ ነገር መጣልኝ። በዚህ ቤት ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልታሰረ አፍ አንድ ብቻ ነው።

መጋቢት 5፣ አርብ፣ 11 ሰዓት

ሠራ። ማውራቱን እፈራለሁ፣ ግን ሠራ።

ጎመን በሱፍ አንተክትኬ ብሌን ከት/ቤት ስትገባ ጠራኋት። ብዪ አላልኩም። ችግሬን አወራኋት። እኔ መቅመስ አልችልም፣ አባባ ረቡዕ ዕለት በእኔ ጦስ ውኃ ሲጠጡ አመሹ፣ ዛሬም እንዳልዋረድ ጨዉን እይልኝ። ትክ ብላ አየችኝ። ሳልነግራት እጇን ታጠበች። በኩሽናው በርጩማ፣ በዱካው ላይ ወጥታ መዳፏን ዘረጋች፣ ከማማሰያው ጫፍ ጠብ አደረግሁላት። ዓይኗን ጨፈነች።

ጨው ይቀረዋል አለች። ጨመርኩ። አሁን ጨዉ ደርሷል፣ ወጡ ግን ዝም ብሏል። ዝም ያለ ወጥ እንዴት ያለ ነው አልኳት፤ ትከሻዋን ነቀነቀች። ነጭ ሽንኩርት ደቁሼ፣ ቃሪያ ሰንጥቄ ጣልኩበት። ደግማ ቀመሰች። ሎሚ ቢነካው አለች። ነካሁት። በዚህ መሃል ጭልፋ ሙሉ ጎመን ሆዷ ገብቷል። ይህን እኔ ነኝ ያየሁት፤ እሷ ሥራ ላይ ነበረች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አማቴ ጎርሰው ዛሬስ የማን እጅ ነው አሉ። የልጄ አንገት ረዘመ።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ገበያ ዋልኩ። ዱባ፣ ቆስጣ፣ ከሙጃ ደጋ ሰዎች ያወረዱት ድንች። ቅዳሜና እሁድ ቁርስ እንበላለን፣ ሰዓት አንጠብቅም። ስለዚህ ዱባውን ራሴ ሠራሁ፣ ራሴ ቀመስኩ። ሞኝነት። ብሌን ስትገባ እያላመጥኩ አገኘችኝ። ምሳ ቀረበ፤ ዱባው ወደ ሰሐኑ ጥግ ተገፋ። "ቀምሰሽዋል አይደል" አለችኝ። በሽሮዋ በላች፣ ተነሳች።

ለካ ያን ዕለት የጣፈጣት ጎመኑ ብቻ አይደለም። ከእንግዲህ ቅዳሜም እሁድም አልቀምስም። በጠራራ ፀሐይ ጾመኛ ነኝ።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ወሬው ወጣ። መቼም በዚህ ሰፈር ድስት ከተከፈተ ከተማችን ደብረ ሮሃ ሙሉ ይሸተዋል። እትዬ አስካል ምስር በቆስጣ ሠርተው በአጥር ላይ ጭልፋ ያቀብላሉ፤ እሳቸውም ስንት ሁዳዴ በግምት ሲያጣፍጡ የኖሩ ናቸው። ልጄ ቀምሳ፣ ምስሩ ገና ነው፣ ቆስጣው ግን ደግ ነው አለቻቸው። አልተቆጡም። የታችኛው ግቢ ሴቶችም ሰምተው ማስጠራት ጀምረዋል። ዛሬ ሦስት ቤት ደርሳ መጣች። በሦስት ቤት ቅጠል በላች ማለት ነው። ካሮት እንደ ክር ከተከተፈ እንጂ እንደ ድንጋይ ከተቆረጠ አይበላም ብላ ለሴቶቹ አስተምራለች። ይህን ከኔ አልሰማችም።

ቀይ ሥር ግን አሁንም ጠላቷ ነው። አፈር አፈር ይላል ትላለች።

ደስ ብሎኛል። ደስ ሲለኝ ደግሞ ይጨንቀኛል፤ ምን ይመጣ ይሆን እያልኩ።

መጋቢት 14፣ እሁድ፣ ደ/ዘይት

መጣ።

ዘመድ ተሰብስቦ ነበር። ብሌን ከመሃል ቆመች። በመ/ዓለም ዕለት ሰባት ይሞላኛል፣ ከዚያ በሚመጣው ሰኞ ጀምሮ እንደ ትልቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ብላ አያቷን ጠየቀች። አማቴ ደስታቸውን ጢማቸው አልሸፈነውም። በዘመድ ፊት መስቀላቸውን አውጥተው ባረኳት፣ ፈቀዱ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ፣ ምን ላድርግ።

አስቢው። ያለ ቁርስ ት/ቤት። ዳገቱን በባዶ ሆድ። ስድስት ሰዓት ስትመለስ አፏ የታሰረ ነው፤ መቅመስ የለም። መቅመስ ከሌለ ጎመን የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደክሟት ሽሮ ሁለት ጎርሳ ትተኛለች። የለመለመው ፊቷ ይመለሳል ወደዚያው።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ከጌታቸው ጋር በሹክሹክታ ተጣላን። አባቴ በሰው ፊት የተናገረውን ቃል እንዴት መልስ ትይዋለሽ ይለኛል። ቄስ ነው። ሕፃኗስ ደስ ብሏት የለ። ደሟስ አልኩት። እሱም ፈርቷል፤ የሚፈራው ግን አባቱን ነው።

አዘጋጇ አምዱ የታለ ትላለች። "አትክልትን ማጣፈጫ መላ" የሚል ርዕስ ሰጥታኛለች። መላው ልጄ ናት ብዬ አልጽፍም።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ጤ/ጣቢያ። ነርሷ መረመረቻት፣ ሚዛን ላይ አቆመቻት፣ ፈገግ አለች። ተሽሏታል፤ አልዳነችም ግን። ምን ብትመግቢያት ነው አለችኝ፤ ቀማሽ አደረግኋት አልኩ፤ የምቀልድ መሰላት። ስለ ጾሙ ነገርኳት። ፈገግታው ጠፋ። ቁርስ እንዳትዘል። ከፋሲካ በኋላ አምጫት።

መንገድ ላይ ብሌን እጄን ይዛ ምንም አላለችም። ቤት ስንደርስ፣ ነርሷ ጾመኛ አይደለችም መሰለኝ አለች።

መጋቢት 28፣ እሁድ

ትናንት ሰባት ሞላት። ዛሬ ቀኑ አለቀብኝ። ከምሳ በኋላ አማቴ በረንዳ ላይ ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ጌታቸው እንዳየኝ ወደ ጓሮ ዞረ፤ ጀግና። ነጠላዬን አስተካክዬ ዝቅ አልኩ። አባባ፣ አንድ ነገር ልናገር ይፈቀድልኝ አልኩ። ነርሷ ያለችውን ነገርኳቸው። ቀማሽነቱንም፤ የሦስት ሳምንቱ ጎመን በማን አፍ እንደጣፈጠ። ያቋርጡኛል ብዬ ስጠብቅ አላቋረጡም። ዳዊቱን ዘጉ። ልጂቱን ጥሪያት አሉ።

መጣች። ከእግራቸው ሥር አስቀመጧት።

"ቸኩዬ ነው የፈቀድኩልሽ፣ የኔ ልጅ" አሉ። "ሽማግሌም ይቸኩላል። የታመመ ሰው ሰዓት አይጾምም፤ ዘንድሮ የሰዓቱን ጾም ለእኔ ተይልኝ።"

ጓደኞቿን ጠቀሰች። ምንም ሳልጾም ፋሲካን እንዴት ልፈስክ ነው አለች። አማቴ አሰቡ። እንግዲያ ያንቺ ጾም የማትወጂውን መብላት ይሁን፣ እሱም ከራስ ጋር መታገል ነው፣ ጎመኑን በየቀኑ ብዪ አሏት። እኔ በሆዴ ተመስገን እያልኩ ነው።

"ጎመን እወዳለሁ እኮ" አለች ብሌን።

ደብተሬ፣ የእኔ ልጅ። ጎመን እወዳለሁ አለች። እኔ ማልቀስ ሲዳዳኝ እሷ ጾሟ እንዳይቀልባት ትከራከራለች። ካሮትም እወዳለሁ፣ ዱባም ትንሽ፣ ቆስጣም። የተወደደ ምግብ ጾም አይሆንም። ዋሽቼ አልጾምም። አማቴ ጢማቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ፣ እህስ እንደማለት። የቀረውን የማውቀው እኔ ነኝ። ቀይ ሥር አልኩ።

ፊቷ ተኮማተረ። እሱ አዎ ጾም ነው አለች። እስከ ፋሲካ በየቀኑ፣ ቁርሷን በልታ፣ ከዚያ ቀይ ሥር። አንድ ነገር ጨመረች፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትልልቆቹ ጋር በአንድ ገበታ ልቀመጥ። ተፈቀደ። እጅ ነስታ ስትሄድ ተመልሳ፣ ከወደድኩትስ ግን አለች። ያኔ እንግዲህ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ትጾሚያለሽ ብለው አማቴ ቀለዱ። እሳቸው ቀለዱ። እሷ ግን አልሳቀችም። አዎ ብላ ሄደች።

መጋቢት 29፣ ሰኞ፣ 5፡40

ቁርሷን በልታ ሄደች። ይህ አንድ ተመስገን።

ቀይ ሥሩ በስሏል። ልጬ ከትፌዋለሁ። እጆቼ እስከ ክርናቸው ቀይ ናቸው። ሎሚው ተጨምቋል፣ ሰናፍጩ ተፈትቷል፣ ቃሪያው ተሰንጥቋል፣ ሁሉም በየሰሐኑ ተቀምጦ ያየኛል። እኔም አየዋለሁ።

ካጣፈጥኩት ትወደዋለች። ከወደደችው ጾም አይደለም ብላ ሰዓቱን ልትይዝብኝ ነው፤ የልጄን ቃል አውቃለሁ። ካላጣፈጥኩት አትውጠውም፤ ሦስት ሳምንት የገነባሁት ደም በአፈር ጣዕም ሊፈርስብኝ ነው። ስንት ዓመት አትክልት አጣፍጡ እያልኩ ሰው የመከርኩ ሴት፣ ዛሬ ምን ያህል ላጣፍጥ ብዬ ቆሜአለሁ። ትንሽ ብቻ የሚጣፍጥ ምግብ እንዴት ነው የሚሠራው። ይህን ማንም አንባቢ ጠይቆኝ አያውቅም።

ወስኛለሁ። ሎሚ ይገባል። ጨው ይገባል፣ ልክ በልኩ። ሰናፍጩንና ቃሪያውን አስቀራለሁ፤ እነሱን ራሷ ከጠየቀችኝ እሰጣታለሁ፣ ካልጠየቀችኝ አልናገርም። ልጅ የራሷን ጾም እስከምን ድረስ እንደምትታገል ትወስን። እኔ ድስቱን እይዛለሁ።

የአጥሩ በር ተንኳኳ። እሷ ናት፤ ቦርሳዋን እያስጎተተች ነው። እጇን ልትታጠብ ሄደች። ዱካውን ላቅርብላት። መጀመሪያ እሷ ትቅመስ፣ ፊቷን አይቼ ላንቺ እጽፋለሁ፤ እጄን ሳልታጠብ፣ ቀይ እንደሆነ።