ሹክሹክታ የማይደብቅ ጣሪያ

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 1977

ጉግሳ፣ አንተ ሙግተኛ ግንበኛ!

«ጉልላት የሌለው ቤተ ክርስቲያን መጋዘን ነው» ትል አልነበር? የሜኖናይቶቹን፣ የጴንጤዎቹን ቤተ ክርስቲያን አየሁልህ። በንጉሡ ጊዜ የተሠራ ነው፤ ጉልላትም ደወልም የለው። ግድግዳው ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ ብሎኬት ነው። ጣሪያውን ያለ ማይክ እንዲዘመርበት አድርገው ስላዘነበሉት፣ ፊት የተነፈሰው ኋላ፣ ኋላ የተነፈሰው ፊት ይሰማል። የኛ የናዝሬቱ ቀበሌ አዳራሽ በማይክም አያሰማ!

መንግሥት ከዘጋው ወዲህ ይኸኛውም የቀበሌ አዳራሽ ሆኗል። ትናንት ከአክስቴ ከየሺአረግ ጋር ስብሰባ ገባሁ። እሷ ሄዳ የተቀመጠችው ድሮ እሁድ እሁድ በምትቀመጥበት ጥግ ነው። ሊቀመንበሩ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» አለ። ሁላችን ግራ እጃችንን አንሥተን «ይውደም!» ስንል፣ አክስቴ በልማድ «አሜን!» አለች። ጣሪያው ተቀብሎ አደረሰላት።

ሊቀመንበሩ «ማነው እሱ?» ብሎ አፈጠጠ። እኔ ላብ አጠመቀኝ። ሙስሊሟ የአክስቴ ጎረቤት ሃዎ ሻሿን አስተካክላ ተነሣች።

«እኔ ነኝ አቦ! ጠላት ሲረገም አሚን ማለት የኛ ወግ ነው። ምነው፣ አንተ እንዲወድም አትፈልግም?»

ሰዉ ሳቁን አፈነ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሰብስቦ «ስብሰባችን በሰላም ተፈጽሟል» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ለራሱ ብቻ በሹክሹክታ «አሜን» አለ። የኋላ ወንበር ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ!

ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አደራ አልሰጥም፤ የባቡሩ ሣህሉ በእጁ ያደርስልሃል። ቦታ አለቀብኝ፤ እማማን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም። አንብበህ ስታቃጥለው፣ እስቲ አሁንም መጋዘን ነው በለኝ።

የኔነሽ