ያላነበብኳቸው ስምንት ገጾች

የካቲት 4
የክሊኒኩን ኮሪደር ጨረስኩ። እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ። በሩ ላይ «ቀለሙ አልደረቀም፣ አትንኩ» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ! ዱሮ ይህን እንዲጽፍልኝ ጥበቃውን ነበር የምለምነው። ሁለት ሰዎች ግን ነክተውታል… ማንበብ የማይችሉ ይሆናሉ፣ ምስኪኖች።
የማታ ትምህርቱን አንደኛ ወጥቼ ነው የጨረስኩት። አራት ነበርን። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

የካቲት 7
እትዬ ሱቅ ሄድኩ። ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። መደርደሪያዋ ላይ የጫማ ካርቶን የምታክል የኮምፒውተር ሣጥን አለች፣ ቀን ከሌት ሽው… ሽው የምትል። የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ነው ከአራት ዓመት በፊት ያስገባላት። ብሎክቼይን የሚሉት መረብ አለ። ሰው ለሰው የሚላላከው ገንዘብ መዝገብ አንድ ሰው እጅ አይደለም፤ እንደ እትዬ ባሉ ሰዎች ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ለጠባቂዎቹ ቶከን የሚሉት፣ በብር የሚሸጥ ገንዘብ ቢጤ ይሰጣቸዋል። ዓይኗ ደክሞ ደቃቅ ስፌት ከተወች ወዲህ የሱቋን ኪራይ የምትችልላት ይቺው ሣጥን ናት።
አሁን መረቡ ይሻሻል ወይስ አይሻሻል የሚል ድምፅ ሊሰጥ ነው። ቶከን ያለው ሁሉ በቶከኑ ልክ ይመርጣል። ካልፈለገ ደግሞ በድምፁ ሌላ ሰው ይወክላል።
«እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» አለችኝ። «የኔን ያዝልኝ።»
ከእሷ ቶከን የገዙ ስድስት ቀቢ ጓደኞቼም እኔን ወከሉ። ስወጣ ደረቴ በበሩ አላልፍ ብሎ ነበር።

የካቲት 9
የማሻሻያው ሰነድ ዘጠኝ ገጽ ነው። የመጀመሪያውን ሳላቋርጥ ጨረስኩ! መረቡ በሦስት እጥፍ ይፈጥናል፣ የመላኪያ ክፍያው ይቀንሳል ይላል። ይሄ ምን ጥያቄ አለው? ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ግን ፊደሉ እንደ ጉንዳን ተርመሰመሰ… ዓይኔ ደከመ። ስልኬ ላይ «እደግፋለሁ» የሚለውን ተጫንኩ። ምርጫው እስኪዘጋ መቀየር ይቻላል። ምኑን ልቀይረው?

የካቲት 11
ቀለም መሸጫው በር ላይ ቀቢዎቹ ከበቡኝ። በቁመቱ ቀጭኔ የምንለው ጓደኛዬ፣ «ዘጠኙንም ገጽ አነበብከው?» አለኝ።
«ወንድሜ፣ ዘጠኝ ገጽ ለእኔ ቁርስ ነው!»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
ከሰዓት እትዬ ዘንድ አለፍኩ። ከጨርቁ ቀና ሳትል፣ «ሣጥኔን አይነካትም አይደል?» አለች።
«ኧረ አይነካትም። አንብቤዋለሁ።»
ነገ እጨርሰዋለሁ።

የካቲት 12
አላነበብኩም። ጣሪያ ስቀባ ዋልኩ፣ አንገቴ አልዞር አለ።

የካቲት 14
ተዘጋ። አለፈ! «አሸነፍን» ብዬ ለቀጭኔ ደወልኩለት። ማንን እንዳሸነፍን ጠየቀኝ…

የካቲት 29
ማሻሻያው ዛሬ ሥራ ጀመረ። የእትዬ ሣጥን ቀይ አበራች። ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ ነካካት፣ አጠፋት፣ አበራት። ቀይ።
«አሮጌ ሣጥኖች አዲሱን መረብ አይችሉትም፣ ይወጣሉ» አለ። «ሰነዱ ላይ አለ እኮ፣ ገጽ ስድስት። አላየኸውም እንዴ?»
እኔም አጠፋኋት፣ አበራኋት። ቀይ።
«እንደገና ድምፅ አይሰጥበትም?» አለች እትዬ።
«የተዘጋ ምርጫ አይከፈትም፣ እናቴ። አዲስ ሐሳብ ለማቅረብ ደግሞ ዐሥር ሺህ ቶከን ይዞ መነሳት ያስፈልጋል።»
ሁላችንም ተደምረን ሦስት ሺህ ነን። ያለፈው ደግሞ በሁለት ሺህ ብልጫ ብቻ ነው። «ሦስት ሺው ባይገባ ኖሮ ወድቆ ነበር» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። ክፋት የለውም፣ ደምሮ ቀንሶ ነው የተናገረው። ከሦስት ሺው ግማሹ የእትዬ ነው። በገዛ ድምጿ የገዛ ሣጥኗን… አስዘጋሁባት።

መጋቢት 1
ሄጄ ነገርኳት። ለመቀለድ ሞከርኩ፣ አፌ ላይ ደረቀ።
«አንብቤዋለሁ አላልከኝም?»
«አንዱን ገጽ።»
«ከስንት?»
«ከዘጠኝ።»
መቀሱን አስቀመጠች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።
«አላነበብኩም ብትለኝ ምን ነበረበት፣ አንተ? ሌላ ሰው አስነብብ ነበር እኮ።»
እውነቷን ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ሁለት በር አልፎ ነው ያለው።

መጋቢት 3
እትዬ ውክልናዋን አነሳች። በስልክ መልእክት ደረሰኝ። አንድ መስመር ነው፤ ሦስቴ አነበብኩት።

መጋቢት 5
የቀሩትን ስምንት ገጾች ጨረስኩ። አራት ሰዓት ፈጀብኝ። ያን ያህል ከባድ አልነበረም።

መጋቢት 30
ሱቁን ለቀቀች። የስፌት መኪናዋን ከቀጭኔ ጋር ተሸክመን ወደ ቤቷ አስገባን። ቀጭኔ እንኳ አልቀለደም።

ሚያዝያ 6
ሱቁን የተከራየው ሰዓት ሠሪ እንድቀባለት ጠራኝ። እምቢ ልል ነበር። «ሂድ፣ ሌላ ሰው ከሚያበላሸው» ያለችኝ እትዬ ናት። የቀሩ ጨርቆቿን ልትወስድ አብራኝ መጣች።
መደርደሪያው ሲነሳ ከኋላው ግድግዳው በእርሳስ ተሞልቷል። ረጅም መስመር፣ አጭር መስመር፣ ክብ፣ ነጥብ… ከጣሪያ እስከ ወለል። የደንበኞቿ ልክ ነው፣ የሃያ ዓመት። መጻፍ ስለማትችል የራሷን ምልክት አውጥታ፣ መደርደሪያውን ገፋ እያደረገች ትሥል ነበር። መደርደሪያውን ተደግፌ ስንት ቀን ጉራዬን ነዝቻለሁ… ከኋላው ይሄ እንዳለ አላወቅሁም።
«ይቺ ምንድን ናት?»
«የአዋላጇ ቀሚስ። ትከሻዋ ጠባብ ነው።»
«ይቺስ?»
«የልጇ። እዚህ ጋ ቁመቷ ሲጨምር ጨመርኩላት።»
መስመሮቹን በጣቷ እየተከተለች ወደ ታች ወረደች። አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ፣ አንድም ሳትዘል። እኔ አንዷንም መለየት አልቻልኩም።
«ይኼኛውን አንተ ንገረኝ እስኪ» አለች።
«አላውቀውም፣ እትዬ።»
አየችኝ። ጨርቆቿን ሰበሰበች።
«በል ቅባው፣ ምን ቆመሃል?»
አንዴ ቀባሁት። እርሳሱ ከሥር ብቅ አለ። እትዬ ጨርቆቿን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ደገምኩበት።