ነጩን ስክሪን ለመረጡልን ኃላፊ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የቴክኖሎጂ መምሪያ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዓይንዎም እስከ እርጅናዎ የጠራ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ በሦስተኛ ፎቅ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጬ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የመሥሪያ ቤቱን ፕሮግራሞች ስጽፍ የኖርኩ ሠራተኛዎ ይህን ደብዳቤ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ደብዳቤውን ሁሉም እንዲያነበው ግልጽ ያደረግሁት ከሦስት ወር ወዲህ ያስገባኋቸው ሦስት የታሸጉ ማመልከቻዎች እስካሁን መንገድ ላይ ስለሆኑ ነው።

፩. በቅድሚያ፣ ሁላችንም ኮድ የምንጽፍበት ፕሮግራም አንድ ዓይነት እንዲሆን ኮሚቴ ስላቋቋሙልን አመሰግናለሁ። ከአምስቱ አባላት አንዳቸውም ኮድ ጽፈው ስለማያውቁ ለማንም እንደማያዳሉ የታመነ ነው። አማራጮቹን ከፍቶ በመሞከር ጊዜ ሳያባክኑ፣ የእያንዳንዱን ምስል በወረቀት አሳትመው ጠረጴዛ ላይ ደርድረው መምረጣቸውን ጸሐፊያቸው ነግራኛለች። እኔ የምሠራበት ባለ ጥቁር ገጹ የወደቀው የፕሪንተሩን ቀለም ስለጨረሰ ነው። ነጩ ጥርት ብሎ ወጣና አሸነፈ። ስክሪን ቀለም እንደማይጨርስ ለማስረዳት ብደክምም ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ።

፪. ዓይኔ እየደከመ መሆኑን የሚገልጸውን የሐኪም ወረቀት ከማመልከቻዎቼ ጋር አያይዤ ነበር። ነጭ ብርሃን ሲበዛብኝ ፊደሉ ይጠፋብኛል፤ በጥቁር ገጽ ላይ ጣት የሚያህል ነጭ ፊደል ሲሆን ግን ከማንም እኩል እሠራለሁ። እርስዎ ደግሞ አንድነታችን እንዳይናጋ የገጹን ቀለምም የፊደሉን መጠንም ማንም እንዳይቀይር አስቆለፉልን። ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ከቀትር በኋላ በእርግጥም ሁሉም ነገር አንድ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

፫. ስለ ማስጠንቀቂያውም አመሰግናለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ነጥብ ሳትታየኝ ቀርታ፣ መታወቂያ እያነበበ በር የሚከፍተው ፕሮግራም እርስዎን ግማሽ ሰዓት ውጭ አቆመዎት። በዚያው ዕለት ሁለተኛ ጥፋት ከተገኘብኝ እንደምሰናበት የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። የእኔ ማመልከቻ ሦስት ወር የፈጀበትን መንገድ የእርስዎ ደብዳቤ በአንድ ከሰዓት መጨረሱ አስደንቆኛል።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ ማሾፍ አልቻልኩም፤ ጨንቆኛል። ከዚህ ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም። ሐኪሙ ዓይኔ ስንት ዓመት እንደሚያገለግለኝ አያውቅም፤ የቀረችኝን እይታ በእርስዎ ነጭ ገጽ ላይ መጨረስ ግን አልፈልግም። አዲስ ኮምፒውተር አልለመንኩም፤ የምለምነው የቆለፉትን እንዲከፍቱልኝ ብቻ ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ እኔን የከዳኝ ዓይኔ ብቻ ነው።

ላበዙላት ብርሃን ሁሉ ምስጋናዋ ወሰን የሌለው፣
በተመረጠላት ገጽ ላይ እየተደናበረች የምታገለግልዎ
የሦስተኛ ፎቋ ፕሮግራመር

ማስታወሻ፦ እንዲመችዎ ብዬ ደብዳቤውን በነጭ ወረቀት ስላሳተምኩት፣ መልሳ ያነበበችልኝ ታናሽ እህቴ ናት። «ለተከበሩ» የሚለው ላይ ስትደርስ ስህተት ይሆን እንዴ ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔ እንጃ፣ አይታየኝም አልኳት።